አባዬ፣ የዘጋኸው ቫልቭ

ጥቅምት 12 ቀን፣ የሚካኤል ዕለት

አባዬ፣

ይህን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነስቻለሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ የተቀባዩ ጤና ይጠየቃል ብለው አስተምረውን ነበር። ያንተን ጤና እንዴት አድርጌ እንደምጠይቅ ግን አላውቅም። ስለዚህ የከበደኝን አስቀድሜ ልንገርህ፤ አለዚያ እስከ ገጹ መጨረሻ ዙሪያውን ስዞር ሳልነግርህ እቀራለሁ። ዋሽቻለሁ። እማዬ እየሰማች፣ ሰው ፊት፣ የማውቀውን ነገር አላውቅም ብያለሁ። በዚህ የተነሳ ነገ ጠዋት የእናንተ ክፍል ወለል በዶማና በመዶሻ ሊፈርስ ነው።

ከተለየኸን ዛሬ አስር ወር ከአራት ቀን ሆነ። ጳጉሜን አልቆጠርኳትም።

ዛሬ ሚካኤል ባይሆን ወለሉ ዛሬውኑ ይፈርስ ነበር። ግንበኛው በበዓል ቀን መዶሻ አላነሳም፣ ሚካኤልን አክብሬ በነጋታው ማልጄ እመጣለሁ ብሎ ነው የቀረው። አንድ ቀን ተሰጠኝ ማለት ነው። እኔ ግን ቀኑን ከጓዳ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓዳ ስመላለስ ጨረስኩት። ሁለት ጊዜ ውሃ ቀድቼ ሁለት ጊዜ የት እንዳስቀመጥኩት ረሳሁ። አሁን ከሰዓት በኋላ ነው። እማዬ ተኝታለች። እኔ ክፍሌ በር ሥር፣ ሊሾው ላይ ተቀምጬ በጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ። ከጀርባዬ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሳጥኑ አለ። የትኛው ሳጥን እንደሆነ ታውቀዋለህ።

በቤቱ የተለወጠውን ልንገርህ። ብዙ አይደለም። በቆሎው ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ ደርቆ ቆሞ ሰው ይጠብቃል። የጓሮው በር ማጠፊያው ወልቆ በገመድ አስረነዋል። የመሣሪያ ሳጥንህ ካስቀመጥክበት፣ ከአልጋችሁ ሥር ነው። ወንድምህ አያ ዳምጤ ሊወስዱት ጠይቀው ነበር፤ እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር ዳግም አላነሱትም። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ቀርቻለሁ። አትቆጣ። እማዬን ብቻዋን ትቶ መሄድ አልሆነልኝም።

እግሯ ብሶባታል አባዬ። ክረምቱ ሲገባ ጉልበቷ አብጦ አልታጠፍም አለ። ጎረቤታችን እትዬ ውባለም እየመጡ በቅባት ያሹላታል፣ ለአንድ ሁለት ቀን ይሻላትና ተመልሶ ያው ነው። ከአልጋ ወደ ደጅ የምትወጣው በእኔ ትከሻ ነው። የከፋው ደግሞ የምትተኛበት ክፍል ነው። ሳሎኑ ይሞቃል። የእኔ ክፍል ይሞቃል። የእናንተ ክፍል ግን ጥላ ሥር እንደዋለ የወንዝ ድንጋይ ነው። ወደ እኔ ክፍል ነይ ብዬ ለምኛታለሁ። ከእሱ አልጋ አልወርድም ትላለች።

ድመቷን ታስታውሳታለህ። የት እንደተኛች አይተህ ከወለሉ ሥር ሙቁ ውሃ የት እንደደረሰ ትነግረን ነበር። ካንተ በኋላ ወደ እናንተ ክፍል ገብታ አታውቅም፤ ደፉ ላይ ትቆምና ትመለሳለች። ባለፈው ሳምንት እማዬ እንዲሁ ስትመለስ አየቻት።

«አንቺም ከዳሽኝ?» አለቻት።

ለድመቷ ነው ያለችው። እኔ ግን የእግሯን መታጠቢያ ውሃ ይዤ ከድመቷ ኋላ ቆሜ ነበር። ለእኔ የተባለ መስሎኝ ውሃው ከእጄ ተደፋ።

ሊሾውን ስታፈስ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዲስ አበባ በቧንቧ ሥራ ሦስት ዓመት ቆይተህ ስትመጣ፣ ሌላው ሰው ልብስና ራዲዮ እንደሚያመጣ አንተ በአይሱዙ ላይ የተጠቀለለ የፕላስቲክ ቧንቧ ጭነህ መጣህ። እዚያ በሠራህበት ትልቅ ቤት ሙቅ ውሃ ከወለል ሥር እየዞረ ቤት ሲያሞቅ አይተህ፣ የእማዬ ጉልበት ትዝ ብሎህ እንደነበር የነገርከኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ድንጋዩን ደለደልክ። ቧንቧውን እያጠፍክ ዘረጋኸው፣ በሽቦ አሰርከው፣ በላዩ ሲሚንቶ አፈሰስክ። ጓሮ ከሠራኸው ምድጃ ላይ በርሜል ተጣደ። የበቆሎ ቆረቆንዳና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይነድበታል፤ ውሃው ሲሞቅ ትንሿ ፓምፕ ትገፋዋለች፤ በየክፍሉ ሥር ዞሮ፣ ሙቀቱን ለእኛ ትቶ፣ ቀዝቅዞ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው።

ሰው ሳቀብህ። እባብ ከቤቱ ሥር ቀበረ ያለም ነበር። አያ ዳምጤ ግን ታላቅ ወንድምህ ስለሆኑ ሌላው የማይደፍረውን ደፈሩ፤ «ሰው ወጥ ያሞቃል፣ የእኔ ወንድም ድንጋይ ይቀቅላል። ሲበስል ጥሩኝ» ብለው መንደሩን ሁሉ አሳቁት። አንተም አብረህ ሳቅህ። ጥቅምት ሲገባ እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ሳሎኑ መሐል ቆመው ቀስ እያሉ እግራቸውን ከሊሾው ሲያሻሹ ደረስክባቸው።

«አያ፣ ድንጋዩ በሰለ?» አልካቸው።

«ጨው ይቀረዋል» አሉህ፤ ከቆሙበት ግን አልተንቀሳቀሱም።

ተነስቼ እማዬን አይቼ መጣሁ። እንቅልፍ ላይ ናት። ብርድ ልብሱን እግሯ ላይ ደረብኩላት። ሊሾው ላይ ባዶ እግሬን ሳሳርፍ ቅዝቃዜው እስከ ጉልበቴ ወጣ። እኔ ገና አስራ ስድስት ዓመቴ ነው። እሷ እንዴት ትሆን።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ የነበረን ቀን ትዝ ይልሃል? እኔ ከዓመት በዓል ሁሉ እሱን እወድ ነበር። ሰው የማይመጣበት፣ እንግዳ የማላስተናግድበት ቀን ነበር። ማንንም ሳትጠራ እኔን ብቻ ትጠራኝ ነበር። አንተም ብዙ አትናገር፣ እኔም አልናገር፤ ቀኑን ሙሉ አብረን ሠርተን የተነጋገርነው ቢሰበሰብ አንድ መስመር አይሞላም። ሰው ፊት አንገቴን ስደፋ እማዬ ትጨነቅ ነበር። አንተ ግን ተያት፣ ቧንቧም ሲንጫጫ ነው አየር የገባበት ትላት ነበር።

ምድጃው ከዋዜማው ጀምሮ እሳት አይገባበትም። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ምንም አይነካም። ማለዳ አሮጌውን ውሃ እናወርደዋለን፤ መጀመሪያ እንደ ቀይ አፈር ሆኖ ይወጣና ቀስ በቀስ ይጠራል። እኔ በባልዲ እወስደዋለሁ፣ ጎመኑ ላይ እንዳትደፊው ትለኛለህ፣ በየዓመቱ ትለኛለህ። ማጣሪያዋን ፈትተህ በመዳፌ ላይ ታስቀምጥልኛለህ፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ወንፊቷ ብርሃን እስኪያሳልፍ እፈገፍጋታለሁ። አዲሱን ውሃ በነጠላ ጨርቅ እያጠለልን እንሞላለን። አመዱን ትጠርጋለህ፣ የጭስ መውጫውን ትኮረኩራለህ፣ ፊትህ ሁሉ ጥላሸት ይሆናል።

ከዚያ እኔ ክፍል መጥተን ሳጥኑን እንከፍታለን። ሦስቱ ባለ ቀይ እጀታ ቫልቮች፤ የግራው ለሳሎን፣ የመካከሉ ለእናንተ፣ የቀኙ ለእኔ። ሦስቱንም ትዘጋቸዋለህ፣ ትከፍታቸዋለህ፣ ደግመህ ትዘጋቸዋለህ፣ ትከፍታቸዋለህ። ለምን እንደሆነ አንድ ዓመት ጠይቄህ ነበር።

«ዓመት ሙሉ እጅ ያልነካው ነገር ይደርቃል» አልከኝ።

መጨረሻው የእኔ ሥራ ነበር። በካቻቢቴ ትንሿን ብሎን ስታላላ ከሥሯ ጣሳ እይዛለሁ። መጀመሪያ ፉጨት ይመጣል፤ እሱ ውስጥ የቀረው አየር ነው። ከዚያ ያስነጥሳል፤ ውሃና አየር ተደባልቆ ነው። ከዚያ ውሃው ዝም ብሎ ይወርዳል። ያን ጊዜ ይዘጋል። አስር ዓመት ሲሆነኝ ካቻቢቴውን ለእኔ ሰጥተህ ጣሳውን አንተ ያዝክ። እኔ ሲያስነጥስ ደንግጬ ዘጋሁት። አይተሃል። ሲመሽ ሳሎኑ ግማሹ ሞቆ ግማሹ ቀዝቃዛ ሆነ። በባዶ እግሬ እየሄድኩ የት ጋ እንደሚቀዘቅዝ እስክደርስበት በሩን ተደግፈህ ጠበቅኸኝ። በእግርሽ ስሚው ነበር ያልከኝ። በማግስቱ ውሃው ሲቀዘቅዝ አብረን ደገምነው።

የግፊት መለኪያዋንም ነገር አልረሳሁም። መርፌዋ ከአንድ በላይ፣ ከሁለት በታች ከቆመች ቧንቧው ደህና ነው። ሳይነኳት ከወረደች የሆነ ቦታ ውሃ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ይህን ያስተማርከው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ አንደርስም ነበር።

አምና በኅዳር መጨረሻ ከቆላ ሥራ ስትመለስ ወባው ይዞህ መጣ። መጀመሪያ ብርዱ ነበር፣ ጥርስህ ሲንገጫገጭ እሳቱን ጨምሩ አልከን። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ወለሉ እየጋለብህ፣ ብርድ ልብሱን እየገፈፍክ፣ እኔ ልሂድ ስልህ እጄን ገፍተህ ተነሳህ። ግድግዳውን ይዘህ ጓሮ ወጣህ። ፍሙን ከምድጃው አውጥተህ በተንህ። ተመልሰህ እኔ ክፍል ገባህ፣ ሳጥኑን ከፈትክ፣ የመካከሉን እጀታ አዞርከው። እኔ እዚሁ፣ አሁን የተቀመጥኩበት ቆሜ ነበር።

«የእኛን ክፍል ዘግቼዋለሁ» አልከኝ። «ሲሻለኝ እከፍተዋለሁ።»

በማግስቱ በባጃጅ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰዱህ። በሦስተኛው ቀን አያ ዳምጤ ብቻቸውን፣ ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው መጡ።

ለቅሶ ቤት እሳት አይነድም፤ ምግቡንም ጎረቤት አብስሎ ያመጣል። ምድጃህም ሦስት ቀን አመድ ሆኖ ዋለ። ሰው ሁሉ እንደ ወጉ ሊሾው ላይ ተቀመጠ። በዚያ ወለል ላይ ተቀምጠው መቀዝቀዝ ለብዙዎቹ አዲስ ነበር፤ እርስ በርሳቸው እየተያዩ እጃቸውን ከሥራቸው ይጭኑ ነበር። እትዬ ውባለም ያን ጊዜ ያወረዱልህን ግጥም አሁንም ከጆሮዬ ማውጣት አልቻልኩም፦

ስታሞቀው ኖረህ መሬቱን ለሰው፣
አንተን ምን ያሞቅህ አሁን ስትለብሰው።

ከዚያ በኋላ ምድጃውን ማንም አልነካውም። እማዬ ለማን ይነዳል አለች። በጋው አለፈ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲከፋና ጉልበቷ ሲያብጥ እኔው ቆረቆንዳ አምጥቼ አነደድኩት። ፓምፗ ተነሳች። ሳሎኑ ሞቀ፣ የእኔ ክፍል ሞቀ። እማዬ ከአልጋዋ እግሯን አውርዳ ሊሾውን ነካችው፣ ጠበቀች፣ መልሳ ወደ ብርድ ልብሱ አስገባችው።

ሳጥኑን የከፈትኩት ያን ዕለት ነው። ረስቼው ነበር ልልህ ፈልጌ ነበር፤ ግን አልረሳሁትም። ሁለቱ እጀታዎች ከቧንቧው ጋር ቀጥ ብለዋል፣ የመካከሉ ተጋድሟል። በተጋደመው እጀታ ላይ፣ በቀይ ቀለሙ ላይ፣ አውራ ጣትህ አለ። ፍሙን ስታወጣ እጅህ ጥላሸት ነክቶት ነበር። መስመሮቹ ሁሉ ይታያሉ። በሲሚንቶ የተሰነጠቀችው ቦታ እንኳን ትታያለች።

ሳጥኑን ዘጋሁት። ነጠላዬን በላዩ ሰቀልኩበት።

እስከ ፍልሰታ ብቻ አልኩ። ፍልሰታ ወጣ። እስከ ዘመን መለወጫ አልኩ። ከዚያ እስከ መስቀል። የምንሠራበት ቀን መጣ፣ አለፈም፤ ውሃውን አላወረድኩም፣ ማጣሪያዋንም አልፈታሁም። የመካከሉን ሳልነካ ሌላውን መንካት አልቻልኩም። ቫልቩ እንደ ተዘጋ እስካለ ድረስ አንተ አንድ የቀረህ ሥራ አለህ። ሲሻለኝ እከፍተዋለሁ ብለሃል። እኔ ከከፈትኩት ግን ያ ቃል አለቀ ማለት ነው። ይህንን ለማን እነግረዋለሁ? ለእማዬ እንዳልነግራት ብርዱ ያለው በእሷ እግር ውስጥ ነው።

ባለፈው ሳምንት አያ ዳምጤ ግንበኛ ይዘው መጡ። ግንበኛው በመዶሻው እጀታ ወለሉን እያንኳኳ፣ ጆሮውን እየደፋ ዞረ። ቧንቧው ከሥር ፈንድቷል አለ። ሊሾው ይነሳ፣ አፈር ይሞላ፣ መካከሉ ላይ የእሳት ማንደጃ ይሠራ ተባለ። አያ ዳምጤ እንደ አባቶቻችን ጭሱ እንኳን ያሞቃታል ሲሉ እማዬ ዓይኗን ጨፍና ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ሊወጡ ሲሉ ግንበኛው በሩ ላይ ቆመ፤ ይህ ነገር በክፍል በክፍሉ መዝጊያ የለውም ወይ ብሎ ጠየቀ። አያ ዳምጤም ወደ እኔ ዞሩ።

«እናኑ፣ ከአባትሽ ጋር የምትሠሪው አንቺ ነበርሽ። መዝጊያ አለው?»

ሁሉም አዩኝ። ሰው ሲያየኝ እንዴት እንደምሆን ታውቃለህ። እኔ ግን ዓይናፋርነቴን ላመካኝ አልፈልግም፤ ቃሉ በአፌ ላይ ነበር። እግሮቼን አየሁ።

«አላውቅም» አልኩ።

ሲሄዱ ሮጬ መለኪያዋን አየሁ። መርፌዋ አንተ የተውካት ቦታ ላይ ናት። ቧንቧው ጠብታም አልወጣውም።

ሰው የሚያፈርሰው ሲሚንቶ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልተረበሽኩ። ከእናንተ ክፍል ሥር ያለው ቧንቧ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው፣ መገጣጠሚያ የለበትም፤ አንተው ነህ የነገርከኝ። ዶማ አንዴ ካገኘው ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ቢዞሩ የሚጠግነው ሰው አላውቅም። እኔ አንድ የጣት ምልክት ልጠብቅ ብዬ የእጅህን ሥራ ሁሉ ላስፈርስ ነው።

አሁን ደግሞ ተነስቼ ምድጃውን አየሁ። በርሜሉ ገና ትኩስ ነው።

ወደ ዛሬ ልምጣ። አያ ዳምጤ ከቅዳሴ ሲመለሱ ከማኅበሩ ዳቦ ይዘውልን መጡ። ግንበኛው ነገ ማልዶ እንደሚደርስ ለእማዬ ነገሯት። ከዚያ የሚሄዱ መስሎኝ በትራቸውን ላቀብላቸው ስል፣ ከአልጋው አጠገብ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። እጃቸውን ሊሾው ላይ ጣሉ። ሰው የታመመ ልጁን ግንባር እንደሚነካ ነው የነኩት። ብዙ ቆዩ።

«ጨው ይቀረዋል ብዬው ነበር» አሉ። «ምንም አልቀረውም ነበር።»

የተናገሩት ለእኔም ለእማዬም አልነበረም። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ወጡ። እማዬ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ ዳቦውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አባዬ፣ ያንን ወለል የምወደው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። የቀረኸውም ለእኔ ብቻ፣ ያውም በሳጥን ውስጥ፣ በአንዲት ጣት ልክ መስሎኝ ነበር።

ያን ጊዜውኑ ሳጥኑን ከፈትኩ። ነጠላዬን አነሳሁ፣ እጄንም ዘረጋሁ። ግን ለበዓሉ እንግዳ ይመጣል ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ምድጃውን አንድጄዋለሁ፤ ቧንቧው ጣቴን ይፈጃል። ትኩስ ውሃ ላይ ብሎን አይላላም ብለሃል። ይህ እውነት ነው። መሸሻም እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለቱም ነው። ስለዚህ ፍሙን በተንኩት፣ ውሃ አርከፈከፍኩበት። እስከ ማለዳ ይቀዘቅዛል።

የምፈራው አንድ ነገር አለ። አስር ወር እጅ አልነካውም። ዓመት ሙሉ እጅ ያልነካው ይደርቃል ብለሃል፤ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው? ቢደርቅስ? አልዞርም ቢለኝስ? ከአልጋችሁ ሥር የመሣሪያ ሳጥንህን ቀስ ብዬ ስቤ ካቻቢቴውንና የዘይቷን ጠርሙስ አውጥቻለሁ። እማዬ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ሳጥኑን እስክመልሰው ድረስ እጄን በዓይኗ ተከተለችው፣ ከዚያ መልሳ ጨፈነች። ዘይቷን ከሥሩ በኩል፣ ጣትህን ሳልነካ፣ ሁለት ጠብታ አድርጌበታለሁ። እስከ ነገ ይግባበት።

ባይዞርም እናገራለሁ። ቫልቩ ተዘግቶ ነው፣ የዘጋው አባቴ ነው፣ የደበቅሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ይህን አረፍተ ነገር ከጠዋት ጀምሮ በልቤ ስለማመደው ነው የዋልኩት። ሦስት ቦታ ላይ እየተቆረጠብኝ ነው። ቢቆረጥም እላለሁ።

አንተን የምረሳህ እንዳይመስልህ። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ በየዓመቱ፣ ውሃውን አወርዳለሁ፤ ጎመኑ ላይ አልደፋውም። ማጣሪያዋን ብርሃን እስክታሳልፍ እፈገፍጋታለሁ። ሦስቱንም እዘጋለሁ፣ እከፍታለሁ፣ ደግሜ እዘጋለሁ፣ እከፍታለሁ። ጣሳውን የሚይዝልኝ ሰው ባይኖር በጉልበቴ መካከል እይዘዋለሁ። ትዝታህን እንዲሁ ቁጭ አድርጌ እጠብቀዋለሁ ብዬ ነበር፤ እንደዚያ እንደማይጠበቅ አንተው አስተምረኸኝ ነበር፣ አልሰማሁህም።

ነገ ማለዳ፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ እማዬ ሳትነሳ፣ ሳጥኑን እከፍታለሁ። ጨርቅ አልይዝም። አውራ ጣቴን ያንተ ላይ አሳርፌ እጀታውን ከቧንቧው ጋር አስተካክለዋለሁ። ብሎኗን አላልቼ ፉጨቱን እጠብቃለሁ፣ ማስነጠሱን እጠብቃለሁ፣ ውሃው ዝም ብሎ ሲወርድ ብሎኗን እዘጋታለሁ። ምድጃውን አነዳለሁ። ከዚያ እጄን ሳልታጠብ ወጥቼ፣ አያ ዳምጤና ግንበኛው እስኪመጡ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ።

ልጅህ እናኑ